«ይቀራል» የሚሉ ማስታወሻዎች

ከሁላችንም በዕድሜ ስለሚበልጡ እትዬ እንላቸዋለን። ሃያ ዓመት ሒሳብ አስተምረው፣ ሃምሳን ሊደፍኑ ሲሉ ኮድ መጻፍ ተምረው ነው ወደ ቢሮአችን የመጡት። እኔ ሥራዬ ፕሮግራሙን መፈተሽ ነው፤ ጠረጴዛዬ ከእሳቸው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ነው።

ድርጅታችን የሚሠራው ነርሶች ለሕመምተኛ የሚሰጡትን የመድኃኒት መጠን የሚያሰሉበትን ፕሮግራም ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ስንት እጅ እንደነካካው የሚያውቅ የለም። ኮድ የሚጽፍ ሰው ሲቸኩል አንድ ልማድ አለው። ያላለቀው ቦታ ላይ «ይቀራል» ብሎ ለራሱ ማስታወሻ ጥሎ ያልፋል። ማስታወሻውን ኮምፒውተሩ አያነበውም፤ ሰውየውም ተመልሶ አያየውም። ዛሬ ነገ ሲባል ዓመት ይሞላል።

እትዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከምሳ ሰዓታቸው እየቆረሱ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ሠሩ። ኮዱን ከዳር እስከ ዳር ታስስና «ይቀራል» የሚለውን ሁሉ ለቅማ፣ የት እንዳለ፣ ማን እንደጻፈውና ስንት ጊዜ እንደሆነው ትዘረዝራለች።

ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ ዝርዝሩን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አበሩት። አንድ ሺህ ሦስት መቶ ስድስት ማስታወሻ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። አንዱ «ይህ ለምን እንደሚሠራ አላውቅም፣ እባካችሁ አትንኩት» ይላል። ሌላው «እስከ ዓርብ ብቻ» ይላል፤ ዓርቡ ካለፈ ስድስት ዓመቱ ነው።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ» አለ ቀልደኛው ባልደረባችን። «የእርስዎስ የት አለ፣ እትዬ?»

«ከላይ ነው» አሉና ዝርዝሩን ወደ ላይ ሳቡት። የመጀመሪያዎቹ አርባ ሦስቱ የራሳቸው ነበሩ። «እነዚህን እስከ ረቡዕ እጨርሳለሁ» ብለው ተቀመጡ።

አለቃችን አልሳቀም። በሳምንቱ ፕሮግራሙን ለአንድ የሕፃናት ሆስፒታል ልናስረክብ ነው።

«ሥራው ጥሩ ነው እትዬ። ግን ስም ባይወጣበትስ? ሰው ይሸማቀቃል።»

«ስሙን ከዝርዝሩ መሰረዝ ቀላል ነው። ግን ምን አስቦ እንደተወው ማንን እንጠይቃለን?»

«ለማንኛውም ከርክክቡ በኋላ እናየዋለን» አለ።

እትዬ አልተከራከሩም። ወደ ጠረጴዛችን ስንመለስ ግን «ጊዜ ካለሽ እስቲ አንቺ እያቸው» አሉኝ። «ከአሮጌዎቹ ጀምሪ። አዲሱን የጻፈው ሰው ገና ያስታውሰዋል። አሮጌው ነው አስታዋሽ የሌለው።»

ረቡዕ ከሰዓት ዘጠኝ ዓመት የሞላው አንድ ማስታወሻ ላይ ደረስኩ። «የሕመምተኛው ክብደት ካልተሞላ ለጊዜው ስልሳ ኪሎ ተብሎ ይያዝ። ይቀራል፤ ለሕፃናት ከመሰጠቱ በፊት ይስተካከል» ይላል። እስከዚያ ቀን ያስረከብነው ለአዋቂዎች ክፍል ብቻ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም። ሞከርኩት። አራት ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ አስቤ የክብደቱን ቦታ ባዶ ተውኩት። ፕሮግራሙ ምንም ሳይጠይቅ ከሚገባው አሥራ አምስት እጥፍ መጠን አወጣ። የጸሐፊውን ስም አየሁ፤ አለቃችን ነው።

ለእትዬ አሳየኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። እኔ ለቢሮው ሁሉ ልናገር ምንም አልቀረኝም ነበር፤ እሳቸው ግን በወረቀት አትመው፣ ወረቀቷን አጠፍ አድርገው «ነይ» አሉኝ። አለቃው ክፍል ስንገባ በሩን ዘጉት።

«ይቺን አንብባት» አሉት።

አነበበ። ቀና ሲል ፊቱ ተለዋውጧል። «ያኔ ብቻዬን ነበር የምሠራው» አለ ቀስ ብሎ። «እመለስበታለሁ ብዬ ነበር።»

«አውቃለሁ። ባትጽፈው ኖሮ እኮ አናገኘውም ነበር። ገና ያኔ ሕፃናቱን አስበሃቸዋል።»

ከዚያ እዚያው ፊታችን ስልኩን አንስቶ ወደ ሆስፒታሉ ደወለ፤ ርክክቡ ሁለት ሳምንት እንደሚዘገይ፣ ጥፋቱም የእሱ እንደሆነ ነገራቸው። ሲጨርስ ወደ ሠራተኞቹ ወጥቶ ወረቀቷን ራሱ አነበበላቸው። እትዬ በር ዘግተው ሊሸፍኑለት ሞክረው ነበር፤ እሱ ግን መሸፈኑን አልፈለገውም። በዚያች ቀን ሁለቱንም አከበርኳቸው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛም አሥር ቀን ስንለቅም ከረምን። የሆስፒታሉ ዋና ነርስ ሊሞክሩት መጡ። ሆን ብለው ክብደቱን ባዶ ተዉትና የማስሊያውን ቁልፍ ተጫኑ። ፕሮግራሙ «ክብደት ሳይሞላ አላሰላም» አላቸው። ደግመው ተጫኑ። ያው ነው።

«ግትር ነው» አሉ ዋና ነርሷ ፈገግ ብለው። «እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚያስፈልገኝ።»

ከርክክቡ በኋላ አለቃችን እትዬን ምን እንዲደረግላቸው እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። በሳምንት አንድ ከሰዓት ለሁላችንም እንዲሰጠን ብቻ ለመኑት። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ አዲስ ነገር የሚጽፍ የለም። መሣሪያዋ ዝርዝሩን ታወጣለች፣ እኛም ከአሮጌው እየጀመርን እንጨርሳለን። ዛሬ ሁለት መቶ የማይሞላ ነው የቀረው። አለቃችን ወንበሩን እየጎተተ መጥቶ ከእትዬ ጎን ይቀመጥና የራሱን ድርሻ ይቀበላል።