ባዳሳ የተወው ዘይት

የባዳሳ ልጅ ሴና፣ ሮቤ ወዳለው ጋራዤ የመጣችው በታኅሣሥ ውርጭ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከጎባ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ ክብሩ፣ ቤት ድረስ ይምጡልኝ» አለችኝ። «የአባዬ መኪና ያንኳኳል።»

«ዘይት አንሶት ይሆናል።»

«እማዬ ግን አባዬ ነው ትላለች።»

ልጅቷ ስትናገር አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁም። መሣሪያዬን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ተከተልኳት።

ባዳሳን ሮቤም ጎባም ያውቀዋል። በዚያች አሮጌ ፒክአፕ የሰነቴን አምባ እያቋረጠ ከደሎ መና ቡናና ማር ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ላይ ውርጭ፣ ታች ሐሩር። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ዘይት የለም ብሎ ያምን ስለነበር የራሱን ዘዴ አበጅቶ ነበር። እኛ ዘንድ ዘይት ሊያስለውጥ የመጣ ሰው ከጄሪካኑ ሥር የምትተርፈውን ይዞ አይሄድም፤ «ለባዳሳ ትሁን» ብሎ ይተዋታል። የትራክተሩም፣ የሚኒባሱም፣ የጭነት መኪናውም፣ ቀጭኑም ወፍራሙም እሱ ጋ ይደርሳል። ባዳሳ እያንዳንዱን በሁለት ጣቶቹ መሃል አሽቶ፣ ወደ አፍንጫው አቅርቦ፣ በየጠርሙሱ ይገለብጠውና መደርደሪያ ላይ በተርታ ያቆመዋል። በአንደኛው ጫፍ ቀጭኑ፣ በሌላው ጫፍ ወፍራሙ ይሆናል። ደጋ ሲከርም ከቀጭኑ፣ ቆላ ሲሰነብት ከወፍራሙ እየቀነሰ ሞተሩ ላይ ይጨምራል። ጠርሙሶቹ ላይ ምንም ምልክት አያደርግም።

«ባዳሳ፣ ይሄ ወጥ ነው እንጂ ዘይት አይደለም» እለው ነበር።

«የወጡን ጨው የሚያውቀው የሠራው ነው» ይለኝና ይስቃል።

ክረምቱ ሲወጣ ታሞ ሞተ። ያንን ሁሉ ያውቁ የነበሩት ጣቶቹም አብረውት ሄዱ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሴና ነገሩን በዝግታ አጫወተችኝ። አዋላጅ ነርስ ሆና ደሎ መና ተመድባለች። ከነገ ወዲያ ሰኞ ትሄዳለች፤ የምትሄደውም በአባቷ መኪና ነው። ከአስፋልት የራቁ መንደሮች አሉባት፤ አባቷም ሲሞት መኪናዋን ለእሷ ብሎ ነው የተናዘዘው። እናቷ አዴ ጤቤ ግን ሞተሩን ማንም እንዳይነካ ከልክላለች።

«ከአርባው በኋላ ነው የጀመራት» አለች ሴና። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባዬ ጠርሙሶች አንዱን ታነሳና ትጨምራለች። ከዚያ መኪናውን ታስነሳለች። ከዚያ… ያዩታል። እርስዎ ሞተር ሲያዳምጡ ሐኪም ይመስላሉ አይደል? እስቲ ዛሬ ለእኛ ቤት መድኃኒት ይጻፉ።»

«ሐኪም እንኳ መጀመሪያ ያዳምጣል» አልኳት።

ጎባ ስንደርስ ውርጩ ከሣሩ ላይ ገና አልለቀቀም ነበር። አዴ ጤቤ ጥቁር ለብሳ ግቢው ውስጥ ቆማለች።

«አካም ቡልታን፣ አዴ ጤቤ?»

«ነጋ፣ ሰላም ነው። እንደምን አደርክ ክብሩ? መጣህ እንግዲህ» አለችኝ። «ዝም ብለህ እይ። እንዳትነካ።»

መደርደሪያው ከመኪናው ማቆሚያ በስተጀርባ ነው። ከግራው ጫፍ አንድ ጠርሙስ አነሳች። ግማሽ መደርደሪያ ያህሉ ባዶ ሆኗል። ኮፈኑን ከፍታ በትንሽ ብርጭቆ ለካችና፣ ሕፃን እንደምታጠጣ ሁሉ ሞተሩ ላይ አፈሰሰችው። ከዚያ ጋቢና ገብታ ቁልፉን አዞረች።

ሞተሩ ሁለት ሦስቴ አቃስቶ ተነሳ። ቀጥሎ መጣ፤ ኳ ኳ… ኳ። ሁለቴ ተከታትሎ፣ ቆየት ብሎ አንዴ።

ባዳሳ ጋራዤን ሲያንኳኳ እንዲህ ነበር የሚያንኳኳው። ቆርቆሮውን በቁልፉ ራስ ሁለቴ መትቶ ይቆይና፣ የረሳነው እንደመሰለው ሁሉ አንዴ ይጨምራል።

አዴ ጤቤ ከጋቢና ወርዳ ወደ ውጭው በር ሄደች። መቀርቀሪያውን አንስታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሰው ሲያልፍ መንገድ እንደሚለቀቅ ወደ ጎን ፈቀቅ አለችና «ገሊ» አለች። ግባ ማለቷ ነው። ውሻቸው ከተኛበት ተነስቶ፣ ጭራውን እየቆላ እስከ በሩ ሄደ። ባዶው መንገድ ላይ የሆነ ሰው ዱካ ያሸተተ መሰለኝ።

አማተብኩ። ከዚያ በፊት ብዙ ሞተር ሰምቻለሁ። ይህ ድምፅ ዘይት ሳይደርሰው ብረት ከብረት ሲጋጭ የሚወጣ መሆኑን ጆሮዬ አልሳተውም። የባዳሳ ማንኳኳት መሆኑንም አልሳተውም። ሁለቱን አንድ ላይ ሰማሁ፤ ይህን አልክድም።

ጥቂት ቆይቶ ዘይቱ ወጣለትና ሞተሩ ዝም አለ። አዴ ጤቤ በሩን ዘጋች።

«ገባ» አለች።

ወደ መደርደሪያው ሄጄ ያነሳችውን ጠርሙስ ከፈትኩ። በጣቴ ነካሁት። እንደ ማር ተለጠጠ። ሸተተኝ፤ የሞተር ዘይት እንኳ አልነበረም፤ ካምቢዮ ውስጥ የሚገባው፣ ዲን ዲን የሚሸተው ነው። ቀጥሎ ያለው እሱን ይመስላል። በቀኙ ጫፍ ያሉት ቀጫጭኖቹ ግን አንዳቸውም አልተነኩም።

«አዴ ጤቤ፣ ለምን ከዚህ ጀመሩ?»

«እሱ ከዚህ ነበር የሚጀምረው። መጨረሻ ጊዜ ሲጨምር አጠገቡ ነበርኩ።»

«መጨረሻ ጊዜ ወዴት ሊሄድ ነበር?»

አሰበች። «ደሎ መና። ማር ሊጭን፤ እዚያው ሊሰነብት።»

እንግዲህ ይኸው ነው። ባዳሳ ለቆላ ሙቀት ሲል የያዘውን ጫፍ እሷ ለጎባ ውርጭ ያዘችው። ከቅዳሜ ቅዳሜ ሞተሩ ወፍራም ዘይት እየጠጣ ከረመ። ጠዋት ሲነሳ ዘይቱ ረግቶ ከታች አልወጣ ይለዋል፤ እስኪወጣም ብረቱ ይጮኻል።

ይህን እንደሚገባት አድርጌ ነገርኳት። ሰነቴ ላይ ብርዱ ከዚህ እንደሚብስ፣ ጉም ውስጥ መኪናው ቆሞ ቢነሳ ሞተሩ ተጣብቆ ሊቀር እንደሚችል፣ እዚያ ሜዳ ላይ ከነፋስና ከቀይ ቀበሮ በቀር ለልጅቷ የሚደርስላት እንደማይኖር ነገርኳት።

«ዘይቱን ከቀየርክ ዝም ይላል?»

«ዝም ይላል።»

«እንግዲያው አትቀይር።»

ሴና እስከዚያ በሩን ተደግፋ ነበር። ድንገት ወደ እናቷ መጣች።

«እማ፣ እኔስ?»

«አንቺማ በአውቶብስ ትሄጃለሽ።»

«አባዬ በእሷ ሂጂ ነው ያለኝ። እኔ ሰነቴ ላይ ብቀር ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁለት ሰው ልትከፍቺ ነው? የእኔንስ ማንኳኳት በምን ታውቂዋለሽ?»

«አፍሽን ያዢ!»

«አልይዝም! የሞተውን ታስገቢያለሽ፣ ያለሁትን ታስወጪያለሽ!»

አዴ ጤቤ እጇን አነሳች፤ የምትመታት መስሎኝ ነበር። እጇን መልሳ አፏ ላይ ጫነችው።

እኔ ምን ልበል? ነፍስ በእግዚአብሔር እጅ ናት፤ ሞተር ውስጥ አትታሰርም ማለት እችል ነበር። ቃሉ እውነት ነው፤ ሰዓቱ ግን አልነበረም። ካቻቪቴዬን ከከረጢቱ አወጣሁ።

«ልቀይረው አልልዎትም» አልኳት። «ላዳምጠው ብቻ ይፍቀዱልኝ። እስኪበርድ እንጠብቅ።»

ሞተሩ እስኪበርድ ተቀመጥን። ሴና የገብስ ቆሎ አምጥታ መሃላችን አኖረችው፤ ማንም ብዙ አልቆረጠመም። ከጎረቤት እሸቴ የሚባለው ሰውዬ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«ክብሩ፣ ዘይት ልትለውጥ ነው? የተቃጠለውን ለእኔ! አጥሬን ምስጥ ጨረሰው።»

«አጥርህ ይውደቅ!» አለችው አዴ ጤቤ።

«አሜን፣ እናንተው ላይ ነው የሚወድቀው» ብሎ ተመለሰ። ሴና ሳቋ አመለጣት። እናቷም ፈገግ ልትል ነበር፤ ተወችው።

ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲወርድ ሞተሩ ቀዝቅዞ ነበር። የካቻቪቴውን ጫፍ የሞተሩ ጎን ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ላዳምጥ ጎንበስ አልኩ። አዴ ጤቤ ክንዴን ያዘችኝ።

«ለእኔ ስጠኝ።»

ጫፉን የሚያርፍበት ቦታ አሳየኋት። ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ እጀታውን አስጠጋች። ሴና ቁልፉን አዞረች።

ኳ ኳ… ኳ።

አዴ ጤቤ ወደ በሩ አልሄደችም። ዓይኗ ተከፍቶ ነበር፤ የሚያየው ነገር ግን እዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም። ድምፁ እስኪያባራ አልተነቃነቀችም። ቀና ስትል የእጀታው ምልክት ጉንጯ ላይ ቀርቷል።

«ክብሩ፣ የሚያንኳኳው ከየት ነው?»

«ከታች። ከውስጥ።»

«ከውስጥ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ከውጭ ነው ብዬ በር እከፍትለታለሁ።»

ካቻቪቴውን መለሰችልኝ።

«ውጭ ያለ ሰው አስገቡኝ ብሎ ያንኳኳል» አለች። «ውስጥ ያለው ሰው ምን ብሎ ነው የሚያንኳኳው?»

ሴና ሞተሩን አጠፋች። መልሱን አዴ ጤቤ ራሷ እንደያዘችው ከፊቷ ይታይ ነበር።

«ዘግቼበት ኖሯል» አለች። «ይሄን ሁሉ ቅዳሜ እያጠጣሁ ዘግቼበት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ክፈትለት።»

መኪናው ሥር ገብቼ የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ፈታሁ። ዘይቱ እንደ ሌላው ጊዜ አልወረደም። ጠቁሮ፣ ረግቶ፣ እየተጎተተ ነው የወረደው፤ ለመውጣት የፈራ ይመስል ነበር። ከሥር ሆኜ የአዴ ጤቤን እግሮች አያለሁ፤ ከቆሙበት አልተነሱም።

«አታቻኩለው» አለችኝ።

«አላቻኩለውም።»

አቡነ ዘበሰማያትን በልቤ ደገምኩ። ስጨርስ ዘይቱ ገና ይንጠባጠብ ነበር፤ እንደገና ጀመርኩ። ከላይ የአዴ ጤቤ ድምፅ መጣ።

«ባኢ» አለች። ውጣ ማለቷ ነው። ሳትቆጣ፣ መንገደኛ እንደሚሸኝ ሰው ነው ያለችው። «ባኢ፣ ባዳሳ።»

ቡሎኑን መልሼ አጠበቅኩ። የዘይቱን ማጣሪያ ለውጬ፣ ሴና ገዝታ ያኖረችውን ለደጋ የሚስማማውን ዘይት ከአንድ ጄሪካን ሞላሁት። ሲነሳ ድምፁ ወጥ ሆነ። ውሻው ራሱን እንኳ ቀና አላደረገም። አዴ ጤቤ የፈሰሰውን ዘይት ክዳን ባለው ጄሪካን አስሞልታ፣ ለማንም እንዳልሰጠው አስምላ አስያዘችኝ። የተረፉትን ጠርሙሶችም ጨመረችልኝ። ይኸው ጋራዤ ጥግ ናቸው። ሰዎች ለአጥር ሲለምኑኝ ባለቤት አለው እላለሁ።

ሰኞ ልጅቷን ልሸኝ ሄድኩ። ሴና እናቷን ስማ ተነሳች። ዳገቱን ወጥታ ሰነቴ ላይ፣ ኔትወርክ ባለበት፣ ሞተሩን አጥፍታ ታሳርፈውና ከበረደ በኋላ አስነስታ እንደምታሰማን ነግራን ነበር። ይህን ያለችው ለእናቷ ይሁን ለራሷ አላወቅሁም። አዴ ጤቤ ብቻዋን እንዳትጠብቅ እኔም አብሬያት ቤት ተቀመጥኩ።

ስልኩ ሲጮህ ሁለታችንም ደነገጥን። ድምፁን ከፍ አድርጋ መሃላችን አኖረችው። ነፋሱ ያፏጫል።

«እማ፣ ጉም ነው» አለች ሴና። «እጄ እስኪደነዝዝ አቆየሁት። ላስነሳው?»

አዴ ጤቤ ዓይኔን አየችኝ። በአዎንታ አንገቴን ነቀነቅሁ።

«አስነሺው» አለች።

ቁልፉ ዞረ። ሞተሩ አንዴ አቃስቶ ተነሳ። ሁለታችንም ወደ ስልኩ አጎነበስን። ነፋሱ አለ፤ ሞተሩ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። አዴ ጤቤ በጣም ቆየች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ አንድ፣ ሁለት እያለች የምትጠብቀውን ማንኳኳት ታስታውሳለች።

«እማ? አለሽ?»

«አለሁ ልጄ። ንጂ። ቁልቁለቱን በዝግታ ውረጂ።»

መስመሩ ተዘጋ። አዴ ጤቤ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ የተዘጋውን የመኝታ ቤት በር በየተራ አየች፤ እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው።

«ክብሩ» አለችኝ፣ «ይሄ ቤት ይህን ያህል ሰፊ ነበር እንዴ?»

ባሏ ከሞተ ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።