ሁለት ዝናብ የመታው ዕቃ

በግቢያችን ያለው ሰው ሁሉ ሌባ መሆኑን የምታውቅ አንዲት ሴት አለች፤ የሹፌሩ ሚስት። ማን ምን እንደወሰደ ገና አልደረሰችበትም እንጂ መወሰዱንስ ታውቃለች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትላለች በሯን ስትቆልፍ። ቆልፋ ጥቂት ከሄደች በኋላ ተመልሳ በሩን እየገፋችም ያንኑ ትደግመዋለች። የልብስ መቆንጠጫዎቿን እንኳ ከገመዱ ጋር በክር አስራቸዋለች።

እኔ ሬዲዮና ካውያ ጠጋኝ ነኝ። የሥራ ጠረጴዛዬ መስኮት ሥር ነው፤ መስኮቱ ደግሞ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ያያል። ስለዚህ የሚያየው መስኮቱ እንጂ እኔ አይደለሁም። ይህን የሚያምነኝ ሰው ግን የለም።

ለቃሚዋ የመጣችው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር። ስሙን ያወጣንላት እኛ ነን። ሆቴል ውስጥ ልብስ አጣቢ ናት፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እጇ በሳሙና የነጣ። ስትገባ ጀርባዋ ላይ የተሸከመችው ዕቃዋን ሳይሆን እናቷን ነበር። ዕቃ የሚባል ነገር አልነበራትም። የተከራየችው የጓሮውን ክፍል ነው። መስኮቱ ከቆሻሻ መጣያውና ከአንድ ራቁቱን ከቆመ ግንብ በቀር ሌላ ስለማያሳይ ክፍሉ ለብዙ ጊዜ ሰው አጥቶ ከርሟል።

የግቢው ባለቤት ባለቁልፏ ናት። ወገቧ ላይ የቁልፍ ዘለላ ታስራለች፤ ስትመጣ ቁልፎቿ ቀድመዋት ይደርሳሉ። ከቁልፎቹ ከፊሎቹ በራቸው ከፈረሰ ቆይቷል። እሷ ግን አትጥላቸውም። «በር ይሄዳል፣ ቁልፍ ይቀራል» ትላለች። ምን ማለት እንደሆነ የጠየቃት የለም።

«ከበፊቱ ቤት ለምን ለቀቃችሁ?» አለቻት ለቃሚዋን የገቡ ዕለት።

«ባለቤቱ ለልጁ ፈለገው።»

«ከዚያስ በፊት?»

«ያኛውም ለልጁ።»

«አይ፣ ወላድ ነው የሚገጥምሽ!» አለች ባለቁልፏ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ። «እኔ ጋ ሰው የሚወጣው በልጅ ሳይሆን በአመል ነው። እጅሽን ከሰው ዕቃ ላይ ከሰበሰብሽ እስከፈለግሽው ኑሪ። አንድ ነገር የጠፋ ቀን ግን እንዳንተያይ።»

አሮጊቷ ከልጇ ትከሻ በላይ ብቅ ብላ መለሰች። «የኔ እመቤት፣ ዳሌዬ ተሰብሮ የገጠመ ነው። ባለፈው ስንለቅ ሊላቀቅ ምንም አልቀረው። ሐኪሙም ደግመው ካነሷት አለቀላት ብሏል። እንግዲህ እኔን ከዚህ የሚያነሳኝ ሣጥን ብቻ ነውና ልጄን ስታስወጪ ሣጥኑንም አብረሽ አስቢበት።» ይህን ያለችው እየሳቀች ነው። ባለቁልፏ ግን አልሳቀችም።

ብዙም ሳይቆይ ለቃሚዋ ሥራዋን ጀመረች። ከሆቴል ስትመለስ ቆሻሻ መጣያው ጋ ትቆምና አንድ ነገር መዝዛ፣ አገላብጣ፣ አራግፋ ግንቡ ላይ ታስቀምጠዋለች። የተቀደደ ጎማ፣ መሳቢያ፣ እጀታው የወለቀ የፓስታ ማጥለያ። ዕቃው እዚያው ፀሐይ ሲመታው፣ ዝናብ ሲመታው ይቆያል። አንድ ቀን የሆቴሉን ካውያ ልታሠራ መጥታ ለምን ቶሎ እንደማታስገባው ጠየቅኋት።

«ሁለት ዝናብ እስኪመታው ነዋ» አለችኝ።

«እንዴት ማለት?»

«ሰው ዕቃውን አንድ ዝናብ ላይ ሊረሳው ይችላል። ዳመና እያየ ሁለተኛውን ካስመታው ግን ባለቤት የለውም ማለት ነው። ያኔ አነሳዋለሁ።»

ሕግ ነው አልኩ በልቤ። ሌላው ሰው ግን ሕጉን አላወቀም። የሚያውቀው ለቃሚዋ አንሶላ ከግንቡ እስከ ጣሪያው ወጥራ፣ የዕረፍት ቀኗን ከጀርባው ሆና ስትቀጠቅጥ እንደምትውል ነው። አንዴ መዶሻ፣ አንዴ መጋዝ፣ አንዴ የቀለም ሽታ።

«ጋሼ ጠጋኙ» አለችኝ የሹፌሩ ሚስት ቧንቧው ጋ፣ ባልዲዋን ሳትለቅ። «ምንድን ነው የምትሠራው ይቺ ሴትዮ?»

«እኔ እንጃ።»

«የእርስዎ መስኮት እንጃ አያውቅም።»

«አንሶላው ወፍራም ነው የኔ እህት።»

«አየህ! ለምን ወፍራም ሆነ?» አለች፤ አንቱታዋ በድንጋጤ ከአፏ አምልጦ። «የሚደበቅ ነገር ከሌለ ስስ አንሶላ መች ጠፋ?»

ከነገሩ ጦም እደሩ ነውና ባልዲዬን አንስቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ክረምቱ ሊያበቃ ሲል አንሶላው ወረደ። እኛም ወጥተን አየን። ራቁቱ ግንብ ለብሷል። መሳቢያዎቹ ቢጫ ተቀብተው እርከን በእርከን ተሰቅለዋል፤ ከውስጣቸው ናና ይንጠባጠባል። ጎማው ለሁለት ተሰንጥቆ እንደ ጨረቃ ተጋድሟል፤ በላዩ ቀይ አበባ። ባዶ ጠርሙሶች አንገታቸውን አፈር ውስጥ ቀብረው የመደቡን ዳር ይዘዋል። ማጥለያው ተደፍቶ ከበሩ በላይ ተሰቅሎ አምፖል ገብቶበታል፤ አመሻሽ ላይ ሲበራ ግንቡን በጥቃቅን ነጥብ ብርሃን ይሞላዋል። ጥግ ላይ ደግሞ እኔ የጣልኩት የእንጨት ሬዲዮ ሣጥን አለ። ድምፅ ማጉያው የነበረበት ቀዳዳ ክፍት ነው፤ ሁለት ወፎች በዚያ ይወጣሉ ይገባሉ።

አሮጊቷ መስኮቷ ጋ ተደግፋ «ኑ፣ ግቡ፣ ቲኬት የለውም» አለችን።

ተደነቅን። መደነቃችን ግን አንድ ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልቆየም። የሹፌሩ ሚስት ማጥለያው ሥር አንጋጣ ቆማ ነበር። ፊቷ ላይ መጀመሪያ ደስታ፣ ቀጥሎ ሐሳብ መጣ፤ በመጨረሻም የለመድነው ፊቷ ተመለሰ።

«ይሄ የኔ ማጥለያ ነው።»

«ነው» አለች ለቃሚዋ።

«የኔ ማጥለያ ጠፍቶብኛል!»

«ጥለሽው ነው እትዬ። ግንቡ ላይ ከርሟል።»

«እኔ? ይሄን የመሰለ ዕቃ? ዓይኔን ግንባር ያድርገው ጥዬ ከሆነ!»

«አንቺ ሴት» አለች አሮጊቷ ከመስኮቷ፣ «ውሃ ልትደፊ ስትመጪ ከግንቡ ላይ በክርንሽ ገፍተሽ የጣልሽው እሱን እኮ ነው። ‹ማነው ይሄን ጥራጊ እዚህ የሚከምር› ብለሽ።»

«ያ ሌላ ነው! ያኛው አስቀያሚ ነበር!»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። እንዲህ ያለ ስሕተት ከእኛ ግቢ በቀር የሚሠራ አይመስለኝም። እያንዳንዳችን የጣልነው ነገር አስቀያሚ መሆኑን እናስታውሳለን፤ ግንቡ ላይ ያለው ግን ያምራል። የሚያምር ነገር ደግሞ ማናችንም አንጥልም። ስለዚህ ተሰርቋል ማለት ነው። ሂሳቡ ቀዳዳ የለውም። መምህሩ፣ ጥርት አድርጎ የሚናገረው ጎረቤታችን፣ መሳቢያዎቹን ተጠግቶ አያቸውና «እነዚህ የእኔ ቁምሣጥን መሳቢያዎች ናቸው። ቢጫ ሊሆኑ እንደሚችሉ ባውቅ ኖሮ መቼ አስወጣኋቸው?» አለ። ሹፌሩ ጎማውን በእግሩ ነካ አድርጎ «ገና ብዙ ይሄድ ነበር» አለ፤ ሽቦው አፍጥጦ እያየው። እኔም፣ ምን ልበል፣ የሬዲዮዬን ሣጥን ሳይ ጥርጣሬ ገባኝ። ምናልባት ሲወጣ ይሠራ ነበር ይሆን?

ባለቁልፏ ቁልፎቿን አስቀድማ መጣች። ሁሉንም ሰማች። «ምን ብዬሽ ነበር?» አለቻት ለቃሚዋን።

«እጄ የሰው ዕቃ ላይ አላረፈም።»

«ይሄ ሁሉ ሰው ይዋሻል?»

ለቃሚዋ እናቷን በመስኮቱ በኩል አየቻት። አሮጊቷ ሳቋን ትታለች፤ አንድ እጇ ዳሌዋ ላይ ነው።

«ሁሉም የየራሱን ይውሰድ» አለች ለቃሚዋ። «ብቻ ቤቱን አታስለቅቂኝ።»

ማፍረስ ጀመረች። አምፖሉን ፈትታ ማጥለያውን ለሹፌሩ ሚስት ሰጠቻት። ከመሳቢያዎቹ ናናውን ከነአፈሩ እያወጣች መሬት ላይ ደረደረች። «ዕቃው የእናንተ ነው፤ አፈሩ የኔ ነው» ትላለች። የሹፌሩ ሚስት እጀታ የሌለውን ማጥለያ በሁለት እጇ ይዛ እንደ እንግዳ ልጅ ታየዋለች። መምህሩ ታቻቸው የበሰበሰ መሳቢያዎቹን ታቅፎ የት እንደሚያደርሳቸው አጣ። ወደ እኔ ሣጥን ስትመጣ ግን አንደኛዋ ወፍ አንገቷን አወጣችና ቁልቁል አየችኝ። «ለጊዜው ይቆይ» አልኩ።

ነገሩ በዚሁ ያበቃ ነበር። ባለቁልፏ ግን ድንገት ቁልፎቿን ዳበሰች።

«የኔ በርስ? የጓሮው በር! ሰማያዊው! አሮጌ ነው ብዬ ከመጣያው ጎን አስደግፌው ነበር። የት ገባ?»

ለቃሚዋ እጇ ላይ ያለው አፈር ረገፈ። «እሱን… እሱን ተዪልኝ እትዬ።»

«ለምን?»

«ሌላ እፈልግልሻለሁ።»

«የት ነው ያለው?»

«ቤት ውስጥ። ግን አሁን አይሆንም።»

«አየሽ!» አለች የሹፌሩ ሚስት፤ ነፍስ ዘርታ። «ወፍራሙ አንሶላ! የቀረው የግቢው ንብረት እዚያ ውስጥ ነው!» ሁላችንም የጎደለንን ማሰብ ጀመርን። ሹፌሩ የጠፋ ካልሲ ትዝ አለው።

«ክፈቺ» አለች ባለቁልፏ። «በሬ እዚያ ከተገኘ ዛሬውኑ ትወጫላችሁ።»

ለቃሚዋ መግቢያው ላይ ቆመች፤ አልከፈተችም። የከፈተችው እናቷ ናት፣ በድምፅዋ። «አስገቢያቸው ልጄ። ቆሞ መጠርጠር እግር ያሳብጣል።»

ገባን። ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበር፣ አንድ ምድጃና አንድ አልጋ አለ። አልጋው በሩ ነው። በመስኮቱ ሥር በጡብ ላይ ተጋድሟል፤ ነጭ ተቀብቶ ራስጌው ላይ ትንሽ አበባ ተስሎበታል። አሮጊቷ በላዩ ተኝታለች። ፍራሹ ከበሩ ጠበብ ስለሚል መቆለፊያው በአንድ በኩል ወጥቶ ይታያል፤ ተጠርጎ፣ ዘይት ጠጥቶ።

«ሐኪሙ ጠንካራና ለጥ ያለ ነገር ላይ ትተኛ ብሎ ነው» አለች ለቃሚዋ። «ሁለት ዝናብ መቶታል።»

«ውሰጂው የኔ እመቤት፣ ንብረትሽ ነው» አለች አሮጊቷ። «ብቻ ስታነሱኝ በግራ በኩል ቀስ በሉ። እሱ ነው የሚላቀቀው።»

ባለቁልፏ ጎንበስ አለች። ከዘለላዋ ውስጥ፣ ሳታይ፣ በጣቷ ብቻ፣ አንድ ረጅም ዝገታም ቁልፍ ለየች። መቆለፊያው ውስጥ ከተተችውና አዞረችው። ቀጭ አለ። የመቆለፊያው ምላስ ከበሩ ዳር ወጥቶ ሁላችንንም አየን።

ባለቁልፏ ለጥቂት ጊዜ እንዳጎነበሰች ቀረች። ከዚያ ቁልፉን መልሳ አዞረች፤ ምላሱ ገባ። ቀና አለች።

«አይደለም» አለች። «የኔ አይደለም።»

«ገጠመ እኮ!» አለች የሹፌሩ ሚስት።

«የኔ ሰማያዊ ነበር።»

«ዳሩ ሰማያዊ ነው እትዬ» አለ መምህሩ፤ ጥርት አድርጎ።

ባለቁልፏ ዞራ አየችው። «የዚህ ዓይነት ቁልፍ ያገኘውን ሁሉ ይከፍታል። የእናንተንም ክፍሎች ሳይከፍት አይቀርም። ሂዱና ቤታችሁን ጠብቁ።» ወጣች። ቁልፎቿ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላዋ የሄዱ መሰለኝ። ሹፌሩና ሚስቱ በሩጫ በራቸውን ሊገፉ ሄዱ።

በነጋታው መሳቢያዎቹ ግንቡ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጎማውም በዚያው ቀን ማታ አጠገባቸው መጣ። ወፎቹ ሣጥኔ ውስጥ ይጮኻሉ፤ ሬዲዮው በእኔ እጅ እያለ እንደዚያ ጠርቶ አያውቅም። ቢሆንም ሲጣል ይሠራ እንደነበር እጠረጥራለሁ።

የሹፌሩ ሚስት ማጥለያውን ይዛ የመጣችው ከሁሉም በኋላ ነው። ወደ ሰማይ አንስታ በቀዳዳዎቹ አየች። «አሁን ሳየው» አለች ለማንም ሳይሆን፣ «የኔ ሰፋ ያለ ነበር።» ግንቡ ላይ አስቀመጠችው።

የሁለት ዝናቡን ሕግ በዚህ ጊዜ ግቢው ሁሉ ከእኔ ሰምቷል። የመጀመሪያው ዝናብ ዘነበ። ሁለተኛው ሲዘንብ ጃንጥላ ዘርግታ ግንቡ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ጃንጥላውን ከማጥለያው አርቃ። ምን እየሠራች እንደሆነ በመስኮት ጠየቅኋት።

«እስኪመታው ነው የምጠብቀው ጋሼ» አለችኝ። «በዚህ መሃል ሰው እንዳይሰርቀው።»