የሐይቅ ዳር አሸዋ

"እዚህ ጋም ባዶ ነው" አለ አምሳሉ መሰላሉ ላይ እንደቆመ፤ የመዶሻውን እጀታ አንስቶ ኮርኒሱን ደግሞ መታው። ባዶ ጀሪካን የተመታ ይመስል ነበር ድምፁ።

"ባዶ ማለት?" አለች ዑምኩልሱም ከሥር መሰላሉን እንደያዘች።

"ልስኑ ከሽቦው ተላቋል ማለት ነው፣ እትዬ። ተንጠልጥሎ ነው ያለው።"

ባሏ ሀምዳን በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ የሚንቀጠቀጥ ቀኝ እጁን በግራው ይዟል። እጁ ሳይከዳው በፊት በሐይቅ ከተማ ስሙ የተጠራ ለሳኝ ነበር። አምሳሉንም ሙያውን ያስተማረው እሱ ነው። የሀምዳን ሥራ ከሩቅ ይታወቃል፤ የመጨረሻውን ልስን እየረጨ ግድግዳውን ሽንብራ የተበተነበት ያስመስለዋል። መልኩ ያማረ ነው። ብቻ አቧራ ይይዛል፣ ጥላሸት ይይዛል፣ የተደገፈውን ሰው ክርን ይልጣል። ዑምኩልሱም ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በመጥረጊያ ስትታገለው ኖራለች።

አሁን ግን ቆርጣለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ የልጃቸው የሂንድ ኒካህ እዚሁ ክፍል ውስጥ ይታሰራል፤ የሙሽራው ሽማግሌዎች ከውጫሌ ይመጣሉ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እቁቧ ወጥቶላታል፣ ሃምሳ ሺህ ብር። ግድግዳው ልሙጥ ሆኖ ነጭ ቀለም ሲቀባ ማየት ትፈልጋለች። ሀምዳን ስንት ዓመት ሙሉ "ያረጀ ግድግዳ መነካካት ጣጣ ያመጣል" እያለ ሲከለክላት፣ እሷም ጎረቤቱም የባለሙያ ኩራት መስሏቸው ይስቁበት ነበር።

አምሳሉ ወርዶ ከሲሚንቶ ከረጢት የቀደዳት ወረቀት ላይ ጥቂት ቁጥር ጫረና አነበበ።

"ግድግዳውን ብቻ ካላችሁኝ አርባ አምስት ሺህ። ሲሚንቶው ስምንት ኩንታል ይወስዳል። ለልሙጥ ግድግዳ ስድስት ይበቃ ነበር፤ ይሄ ሻካራ ግን ጎድጓዳው ሁሉ ይጠጣል። ኮርኒሱን አፍርሰህ እንደገና ሥራ ካላችሁኝ ሌላ ሠላሳ ስምንት ሺህ ነው።"

"ኮርኒሱ ይቅር" አለች ዑምኩልሱም ቶሎ ብላ። "ሽማግሌ ተቀምጦ አንጋጦ አያይ። ቀለም ቀባ አርግበት።"

"እትዬ፣ ስቀባው በላዬ ላይ ቢወርድስ?"

ይህን ብሎ በመዶሻው አፍ ጠርዙን ነካ ቢያደርገው፣ የሰሃን ስፋት ያለው ልስን ተገንጥሎ ምንጣፉ ላይ ተከሰከሰ። ዑምኩልሱም ወደ ኋላ ዘለለች። አምሳሉ አንዱን ስባሪ አንስቶ በሁለት ጣቱ ቢጨምቀው እንደ በሶ ፈረሰ። ከዱቄቱ መሀል ነጫጭ የቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ወጡ።

"ጋሼ" አለ ዝግ ብሎ። "ይሄ እኮ የሐይቅ ዳር አሸዋ ነው። ለችግኝ እንጂ ለልስን አይሆንም፣ የልስን አሸዋ የወንዝ ነው ይሉን አልነበረም?"

ሀምዳን ዓይኑን ወደ በሩ አዞረ። የሚያየው የወደቀውን አልነበረም። በሐሳቡ የሚያየው ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤት ቤት ያለውን፣ የራሱን በለሰነበት ሳምንት በዚያው የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኬት የለሰነውን ኮርኒስ ነበር።

ያን ጊዜ የጎረቤታቸው የወለተ ሥላሴ ባል የሻው በሕይወት ነበር። ከደሴ አሥር ኩንታል ሲሚንቶ አስጭኖ መጣና "ቤቴን አደራ" ብሎት ወደ ሥራው ሄደ። ዑምኩልሱም በዚያን ወቅት ሂንድን ልትወልድ ወር ቀርቷት ነበር። ሀምዳን ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ብርዱን ያወርድባታል ብሎ ሰጋ፤ ሲሚንቶ መግዣ ግን አልነበረውም። ከአሥሩ አራቱን በጠራራ ፀሐይ በጋሪ ወሰደ፤ የለሳኝ ጋሪ ማን ይጠይቃል? የጎደለውን ከሐይቁ ዳር በነፃ በሚታፈስ አሸዋ ሞላ። ሲደርቅ ሁለቱም ኮርኒስ ተሰነጣጠቀ። ስንጥቁን ለመሸፈን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ መርጨት የጀመረው፤ ግድግዳውም እንዲመሳሰል ብሎ ረጨው። ሰው አይቶ ወደደለት፣ "እንደ የሻው ቤት አድርግልን" እያለ ይፈልገው ጀመር። ከዚያ ወዲህ የሰው ሲሚንቶ ነክቶ አያውቅም። ስሙ ግን የተተከለው በዚያ ሥራ ነው።

ከአጥሩ ወዲያ ሕፃን አለቀሰ። የወለተ ሥላሴ ልጅ ሠርክአዲስ እናቷ ቤት መጥታ ከወለደች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው።

"ትናንት አራሷን ልትጠይቂ ገብተሽ አልነበር?" አለ ሀምዳን።

"ገብቻለሁ። ምነው?"

"አልጋዋ የት ጋ ነው?"

"መሀል ላይ። ግድግዳው ይቀዘቅዛል ብለው ከጥጉ አነሱት።"

ሀምዳን ከዱካው ተነሳ። መሀሉ ነው ሽቦው የሚረግበው፤ ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በዚያው እንደቆመ ጨርሶ የማያወራውን ነገር ለሁለቱም ነገራቸው፤ ነገሩን ለመጨረስ አምስት ዓረፍተ ነገር እንኳ አልፈጀበትም።

ዑምኩልሱም ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች። "የሰው ሐቅ አናቴ ላይ ሰቅለህ ነው ልጅ ያሳደግኩት?" አለች።

"ለአንቺ ብዬ ነበር።"

"ለእኔ አትበል ወላሂ። እኔ ብርዱን እችለው ነበር።" ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ገባትና በሩን ዘጋች። "ለወለተ ሥላሴ በምን ልታሠራላት ነው? የእኔን እቁብ እንዳታስበው። ሽማግሌዎቹን የት ላስቀምጣቸው? የልጄን ቀን እንዳታበላሽብኝ ሀምዳን።"

"ብርሽን አልጠየቅኩም። አልጋውን ላስወጣ ነው። ልቀቂኝ።"

ከበሩ ዞር አለች፤ ፊቷን ግን አላዞረችለትም። አምሳሉ ወረቀቱን ምንጣፉ ላይ ትቶ ተከተለው።

ወለተ ሥላሴ ሀምዳንን ስታይ ፊቷ በራ። "ግባ አያ ሀምዳን። እስካሁን ቀረህ ብዬ ተቀይሜህ ነበር።"

"ወለቴ፣ አልጋውን ወደ በረንዳ እናውጣው።"

"ምነው? ቆርቆሮው ያፈሳል ብለህ ነው? አርጅቷል፣ ክረምቱ ሳይገባ ላስቀይረው ሳስብ ነበር።"

ሰበቡን ራሷ በእጁ ሰጠችው። አዎ ቢል አልጋው ይወጣል፣ ክፍሉ ይዘጋል፣ ስሙም እንደቆመ ይቀራል። አምሳሉ ወደ መሬት አየ።

"ቆርቆሮው ደህና ነው" አለ ሀምዳን። "አራሷ ትውጣና እነግርሻለሁ።"

ሠርክአዲስ ሕፃኑን ታቅፋ ወጣች። አልጋውን አምሳሉና ሀምዳን ተሸከሙት፤ የሀምዳን እጅ ስለማይረጋ አንዱ እግር በሩን ሁለቴ መታው። በረንዳው ላይ ሲያስቀምጡት ሀምዳን ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

"የሻው ካመጣው ሲሚንቶ አራቱ ኩንታል እኔ ቤት ነው ያለው። ያንቺን ኮርኒስ በሐይቅ ዳር አሸዋ ነው የሞላሁት። አማናችሁን በላሁ ወለቴ።"

ወለተ ሥላሴ በተከፈተው በር ኮርኒሱን አየችው፣ ከዚያ የልጅ ልጇን አየች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"የሻው አልበቃም ስትለው ከወንድሙ ተበድሮ ሁለት ኩንታል ጨመረልህ" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ብድሩን ከፍሎ ሳይጨርስ ነው የሞተ።"

"ይህን አላወቅኩም" አለ ሀምዳን። "አፉ በይኝ አልልሽም። ሲጠገን ነው የምለው። የኔን በግ ሸጬ፣ የቀረውን እየለመንኩም ቢሆን አሠራልሻለሁ።"



ዑምኩልሱም የአጥሩ በር ላይ ቆማለች፤ መቼ እንደመጣች አላዩም። ምንጣፉ ላይ የቀረው ወረቀት እጇ ላይ ነው። ባሏን አልፋ፣ ወለተ ሥላሴንም ቀና ብላ ማየት ሳትደፍር፣ ወረቀቱን ለአምሳሉ ዘረጋችለት።

"ገልብጠውና የዚህን ቤት ኮርኒስ ዋጋ ጻፍ" አለችው። "አሸዋው የወንዝ ይሁን።"