ኢቢሴ በክሊፕ አገባች

ጉዮ ኦርጋን የለመደው ቤተ ክርስቲያን፣ ከመዘምራን ጋር ነበር፤ በኋላ ግን ጣቶቹ ወደ ዓለም ኮበለሉ። አንዱን ቁልፍ ሲጫኑት ከበሮ፣ ሌላውን ሲጫኑት ዋሽንት በሚያሰማው በዚያ ኦርጋን የሠራት ዘፈን ከነገሌ እስከ ሞያሌ ያልተጫወተችበት ሚኒባስ አልነበረም። ኦሮምኛና አማርኛ የተቀላቀለባት የፍቅር ዘፈን ናት። "አንቺ" ትላለች እንጂ ስም አትጠራም። ስሙን የሚያውቀው ጉዮ ብቻ ነው፤ ኢቢሴ። የኦቦ ዳዳቻ ልጅ፣ ገበያው ዳር ጨርቅ የምትሸጠው። ጉዮ ስንት ዓመት ሱቋ እየተመላለሰ የማይለብሰውን ጨርቅ ገዛ እንጂ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዘፋኝ ተብሎ ሞቷል!

ያን ጊዜ ሰው ዘፈን በጆሮው ብቻ መስማት ትቶ ነበር። ቪዲዮ ቤቶቹ የህንድ ፊልማቸውን አቋርጠው ክሊፕ ያሳያሉ። "ያንተዋ ክሊፕ የላትም እንዴ?" የማይለው ስላልነበረ ጉዮ ቢንያም የሚባል ካሜራማን ከሐዋሳ አስመጣ። ቢንያም ደግሞ ቆንጆ ልጅ ያልገባችበት ክሊፕ አልሠራም አለ። ጉዮ እንደ ምንም ራሱን ደፋፍሮ ኢቢሴን "ለሥራ ነው" ብሎ ጠየቃት።

"ለሥራ ከሆነማ እሺ" አለችው።

ሊበን ሜዳ ላይ ቀረጹ። ኦርጋኑ አይሱዙ ላይ ተጫነ። መብራት ስለሌለ ዘፈኑ ከጋቢናው ቴፕ ይጮሃል፤ ጉዮ ድምፅ የማያወጣውን ኦርጋን እየነካካ አፉን ያንቀሳቅሳል። ኢቢሴ ከከብቶቹ መሃል ፈገግ እያለች ትመጣለች። እሱ ግን አፍሮ ዓይኑን ከቁልፎቹ ላይ አላነሳም። በእጇ ምን እንደያዘች ያወቀው እንደ ማንኛውም ሰው ቪዲዮ ቤት ገብቶ ሲያይ ነው።

ሲንቄ ይዛለች። ያቺን ቀጭን በትር እናት ለልጇ የምትሰጣት በሠርጓ ቀን ነው፤ ያላገባች ልጅ አትይዛትም። የሐዋሳው ሰው ይህን ከየት ይወቀው! ነገሌ ግን ያውቃል፤ ቪዲዮ ቤቱ በአንድ አፍ ተንጫጫ።

"ኢቢሴ አገባች? መቼ? ሳንጠራ?"

"ባሏ ማን ሆነና ነው?"

"ያው ነዋ! አይሱዙው ላይ ኦርጋን የሚነካካው!"

ክሊፑ አሬሮ ሲደርስ፣ ኢቢሴን ለልጃቸው ሊጠይቁ ተሰናድተው የነበሩ ሰዎች "ለካ የሰው ሚስት ናት" ብለው ተዉት። ይህን ሲሰሙ ኦቦ ዳዳቻ ጉዮን አስጠሩት። ባጃጅ ተሳፍሮ ወደ ቤታቸው ሄደ። እስከ ዛሬ ዝም ብሎ አጥቷት ነበር፤ አሁን ደግሞ አዋርዷት ሊያጣት ነው።

"አካም፣ ናጋ?" ብለው ሰላም መሆኑን ጠየቁት፤ ፊታቸው ላይ ግን ናጋ የሚባል ነገር የለም። "ልጄን አግብተሃታል አሉ። እኔ አባቷ አልሰማሁም።"

"ስህተት ነው፣ አባ! ቢንያም ነው። ወጋችንን አያውቅም፣ በትሯ አምራው ሰጣት። ክሊፑን አስቆርጠዋለሁ። ኢቢሴን አውጥቼ ከብቶቹን ብቻ አስቀራለሁ፤ እርስዎ ብቻ አይቀየሙኝ።"

"ቢንያም ምንም አልሰጠኝም" አለች ኢቢሴ በሩ ላይ ቆማ። "ሲንቄዋ የእናቴ ናት። ከቤት ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ።"

አባቷ ዞረው አፈጠጡባት። "አውቀሽ?"

"አውቄ! የአሬሮዎቹ ሊመጡ ነው፣ እሱ ጨርቅ ይገዛል። ምን ላድርግ?" ከዚያ ወደ ጉዮ ዞረች። "እና አሁን ይቆረጥ?"

በየሚኒባሱ ስለ ፍቅር ሲለፈልፍ የኖረው አፍ አሁን ያለ ኦርጋኑ ሊናገር ነው። እዚህ ከበሮ የለ፣ ዋሽንት የለ፤ ድምፁ ብቻውን ነው። ዓይኑ የደስታ እንባ አቀረረ።

"አይቆረጥም" አለ። "እወዳታለሁ፣ አባ። ላገባት እፈልጋለሁ።"

"ዝም በል!" አሉ ኦቦ ዳዳቻ፣ ሳቃቸውን ሊደብቁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። "ይህ ለአባት በራስ አፍ ይነገራል? ሽማግሌ ላክ እንጂ! ደግሞም ቶሎ በል፤ ገበያው ሁሉ 'እንኳን ደስ አለዎት' ሲለኝ የምመልሰው ጠፍቶኛል።"