ከፍተሻው በኋላ

አጎቷ ቅዳሜ ዕለት የማተሚያ ቤቱን ኮምፒውተር ዲስክ ካስፈተሹ ወዲህ እቃው እግሩን ይጎትታል። ልጅቷ ፎልደሯን ጠቅ ታደርጋለች፤ ሰማያዊዋ ክብ ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ አይከፈትም። ውስጡ ያለው ደግሞ ከጥሪ ካርድና ከተለጣፊ ሥራ በተረፋት ሰዓት ሁሉ እየሣለች ዓርብ ዕለት የጨረሰችው የካርቱን ፊልም ነው። ሠራተኛ የሚፈልግ አንድ የካርቱን ስቱዲዮ የአመልካቾችን ሥራ የሚቀበለው እስከ ዛሬ የሥራ መውጫ ነው። ካልደረሰላቸው እዚሁ ካርድ ስታስውብ ማርጀቷ ነው።

«ምን ነካው ጋሼ? እስከ ቅዳሜ ደህና አልነበር?»

አጎቷ ከወረቀት መቁረጫው ቀና አላሉም። «ዲስኩ ቁስል አለበት ብሏል ፍተሻው። ቁስለኛ ይሮጣል እንዴ?»

«ታዲያ ሳይፈተሽ በፊት እንዴት ሮጠ?»

«በሽተኛ የሚተኛው መታመሙን ሲነግሩት ነዋ!» ብለው ሳቁ። ብቻቸውን።

የተከፈተውን ሁሉ ዘጋች። አጥፍታ አበራችው። አንቲቫይረሱን አስቆመች። ወይ ፍንክች!

«ተይው ባክሽ፣ ነገ ይደርሳል።»

«ነገማ ሌላ ሰው ይቀጥራሉ።»

«እኔን ጥለሽ ለመሄድ ነው ይሄ ሁሉ ጥድፊያ? ያንን ወንበር ማን ሰጠሽ?»

«ወገቤን የሰበረውን?»

ጥርሷን ነክሳ፣ ዲስኩን የትኛው ፕሮግራም እንደያዘው የሚያሳየውን መስኮት ከፈተች። ዲስኩ መቶ በመቶ ተይዟል። የያዘው ግን ፍተሻው አይደለም፤ ፍተሻው ያኔውኑ አልቋል። አንድ መገልበጫ ፕሮግራም የእሷን ፋይሎች አንድ በአንድ ወደ ሌላ ዲስክ እያጋዘ ነው።

ደሟ ፈላ። ጎንበስ ብላ ከሲፒዩው ጀርባ የወጣ የማታውቀውን ገመድ ተከተለች። ገመዱ ከወረቀት ጥቅል ሥር ይገባል። ጥቅሉን ስታነሣው የአጎቷ ጥቁር ኤክስተርናል ዲስክ መብራቱን እያርገበገበ ተገኘ።

«ይሄስ?»

መቁረጫው ቆመ። «ዲስኩ ሊሞት ነው። ሥራው እንዳይጠፋ ብዬ ነው።»

«ፊልሜም የእርስዎ ሥራ ሆነ?»

«በቤቱ እቃ የተሠራ የቤቱ ነው! አንቺ ስትሄጂ ባዶ እጄን ልቅር?»

«ሳይነግሩኝ!»

«ብነግርሽ እሺ ትዪ ነበር?»

ዓይኗ መስኮቱ ላይ ተተክሏል፤ ተገልብጠው ካለቁት መሃል የፊልሟ ስም አለ። ከታመመው ዲስክ መንጭቃ ማውጣት ያቃታት ነገር ደህናው ላይ ሙሉውን ቁጭ ብሏል። መገልበጡን አስቆመች፤ ጥቁሩን ዲስክ ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እቃዬን! አንቺ ሌባ!»

«እርስዎ ይቀድማሉ ጋሼ፤ ታላቅ ነዎት። ማታ እመልስልዎታለሁ።»

አጎቷ በሩ ላይ ተገትረው ክንዳቸውን ዘረጉ። «ይሄን ደጅ ከወጣሽ ሁለተኛ አትረግጪውም!»

«እንግዲያው በሰው እልክልዎታለሁ» አለችና በክንዳቸው ሥር ሾልካ ወጣች። ፊልሟን ልትልክ መንገዱን ተሻግራ ኢንተርኔት ቤት እስክትገባ ድረስ ስድባቸው ከኋላዋ አልተቋረጠም።