ፋና ፊት እንድትጻፍ የተላኩ ሽማግሌዎች

መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ ገብረ ዮሐንስ «አልስማማም» የሚለውን ተጫኑ።

ፋና ያን ጊዜ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ጓንቷን እያወለቀች ነበር። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ኢሜይሉ የመጣው ጥናታቸውን ከላኩለት የጤና ጆርናል ነው። ከጸሐፊዎቹ አንዱ በስሞቹ ቅደም ተከተል አለመስማማቱን፣ ሁሉም እስኪስማሙ ድረስም ጽሑፉ ለግምገማ እንደማይቀርብ ይናገራል። ጸሐፊዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው። አንዷ እሷ ናት።

«እኒህ ሰውዬ!» አለች ለራሷ።

ጋሽ ገብረ ዮሐንስ ዕድሜያቸውን በላስታ ገጠር ጤና መኮንን ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው። ፋና አዋላጅ ነርስ ሆና ስትመደብ ሌላው ሰው ስለ መድኃኒትና ስለ ሪፖርት ሲነግራት፣ እሳቸው ያስተማሯት ወላድ የተኛችበትን ክፍል ሳያንኳኩ አለመግባትን ነው። የጥናቱም ሐሳብ ከእሳቸው የመጣ ነው። ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጡ እስኪደርስ የሚያርፉበት ማቆያ ክፍል ተሠርቶላቸው ሳለ፣ እናቶቹ ለምን ቤታቸው መውለድን ይመርጣሉ? ይህን ሊጠይቁ ሁለቱ በየቀበሌው ዞሩ፤ ሙጃ ድረስ ሄዱ። እሳቸው ሲጠይቁ ፋና ትጽፋለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ ስሌቱንም ሐተታውንም፣ የሠራችው እሷ ናት። ስሌቱን ከስልኳ ላይ ቪዲዮ እያየች፣ የአጻጻፉን ወግ ደግሞ በነጻ የሚገኙ የሰው ጥናቶችን እያነበበች ለብቻዋ ተማረችው።

ከገና በኋላ ጋሽ ገብረ ዮሐንስ መብላት አቃታቸው። ደሴ ሄደው ተመረመሩ። የጨጓራ ካንሰር ነው፣ ተሠራጭቷል ተባለ። የሕክምና ሰው ናቸውና ማንም ሊሸፋፍንላቸው አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ፋና የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ጽሑፉ እሳቸው እያዩ እንዲሄድ፣ ስማቸውም ፊት እንዲሆን።

የመጨረሻውን ዝግጅት የሠሩት በእሳቸው ቤት ነው። እሳቸው አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው፣ እሷ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ጆርናሉ ብዙ ያዛል። ማጠቃለያው ከተወሰነ የቃል ቁጥር አይብለጥ፣ ሠንጠረዡ ለብቻው ይሁን፣ ዋቢዎቹ በዚህ መልክ ይደርደሩ ይላል። አንድ ቀን ጽሑፉ ከተፈቀደው ስለረዘመ የሚቆረጥ መፈለግ ነበረባቸው። ፋና አንዲት የሙጃ እናት የተናገረችውን ልትቆርጥ አሰበች። ሴትዮዋ፣ «ክፍሉ ደግ ነው፤ ግን ለገንፎዬ እሳት የማነድበት የለውም። ባዕድ ምግቤን ሠርቶ ሲያቀርብልኝ እንግዳ የሆንኩ ይመስለኛል እንጂ ልወልድ የመጣሁ አይመስለኝም» ብላ ነበር።

«እሷን አትንኪያት» አሉ ጋሽ ገብረ ዮሐንስ።

«ታዲያ ምን ልቁረጥ?»

«የኔን መግቢያ ቁረጪ። ምን ብዬ ነበር? ‹የእናቶች ጤና የሀገር መሠረት ነው›። ይህንን ማን አያውቅም? እሷ ያለችውን ግን ከሷ በፊት ማንም አልነገረኝም።»

መግቢያቸው ተቆረጠ። የሴትዮዋ ቃል ሳይነካ ቆየ። ፋናም የጋሽ ገብረ ዮሐንስን ስም ፊት አድርጋ ጽሑፉን ላከች። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው እንግዲህ አሁን «አልስማማም» ያሉት።

ፋና ሥራዋን ለተረኛዋ አስረክባ ቤታቸው ሄደች። በሩ ክፍት ነበር። አንኳኩታ ገባች።

«መጣሽ?» አሉ፤ ስልካቸው ደረታቸው ላይ ነው። «ሻይ ይሁንልሽ?»

«ሻይ አልፈልግም፣ ጋሼ። ምን አደረጉ?»

«ያልተስማማሁበትን አልተስማማሁም አልኩ። ፈረንጆቹ ጠየቁኝ፣ መለስኩ።»

«ሐሳቡ የእርስዎ ነው።»

«የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ፊት የሚጻፈው የጻፈ ነው፤ ሕጉን ያነበብሽልኝም አንቺው ነሽ።»

«ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም።»

«በማዕድ ነዋ! ይሄ ማዕድ ነው?» ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ እስኪያልፍላቸው ጠበቀች። «ስሚኝ ልጄ። ይህ ነገር ሲታተም ጥያቄ የሚልክ ይኖራል። ኬንያ ያለ፣ ህንድ ያለ። የሚጽፈው ለመጀመሪያው ስም ነው። እኔ ምን ብዬ እመልስለታለሁ?»

ፋና ወደ በሩ ዞረች።

«እርስዎ እስኪስማሙ ድረስ አልነካውም» ብላ ወጣች። ቁልቁለቱን ስትወርድ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ድንጋዩን እንኳ በደንብ አላየችውም።

ዓርብ አልሄደችም። ቅዳሜም አልሄደችም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሽማግሎች የእናቷን ደጅ አንኳኩ። አንዱ የጋሽ ገብረ ዮሐንስ የነፍስ አባት ቄስ የሻው ናቸው። ሌላው የአምቡላንስ ሹፌሩ ጋሽ አሊ ናቸው፤ የጋሸና ሰው፣ ጥናቱ ሲሠራ ሁለቱን በየገጠሩ ያመላለሱ። ሁለቱም ነጭ ጋቢ ለብሰዋል።

እናቷ ባንቺዓለም በሩን ከፍታ ስታያቸው ነጠላዋን አስተካከለች። «ግቡ፣ ግቡ። አረፍ በሉ እንጂ።»

«አንቀመጥም» አሉ ቄስ የሻው፣ መሐል ቤቱ ላይ ቆመው። «የመጣንበት እሺ ሳይባል አንቀመጥም።»

የባንቺዓለም ፊት በራ። ልጇ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው። «ሽማግሌ ሦስት አልነበር?»

«ሦስተኛችን ዳገቱን አይቶ ተመለሰ» አሉ ጋሽ አሊ።

«ይሁን። የማን ልጅ ነው?»

«የማንም ልጅ አይደለም። ገብረ ዮሐንስ ነው የላከን።»

«ገብረ ዮሐንስ?» ባንቺዓለም ወደ ልጇ ዞረች። «ሚስቱ እያለች?»

ጋሽ አሊ መቃኑን ይዘው ሳቁ። ቄስ የሻው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው ጠበቁና ነገሩን አስረዱ። «ጉዳዩ የስም ነው፣ ልጄ ባንቺዓለም። ወረቀት አለ አሉ። ፊት የሚጻፍ አለ፣ ኋላ የሚጻፍ አለ። ፋና ፊት ትሁን፣ እምቢ ብላኛለችና ለምኑልኝ ብሎ ላከን።»

«የመሬት ነው?»

«የእናቶች ነው» አሉ ጋሽ አሊ። «ያን ሁሉ አቧራ የዋጥኩት እኔ ነኝ፤ እኔን ከፊትም ከኋላም አልጻፉኝም።»

«ምስጋናው ላይ ጽፈንዎታል፣ ጋሽ አሊ» አለች ፋና።

«ወላሂ? ከነአባቴ?»

«ከነአባትዎ።»

«እንግዲያው የኔ ጉዳይ አለቀ። አባ፣ ይቀጥሉ።»

ፋና ልትስቅ ስትል እንባ ቀደማት። ሁለቱ ሽማግሎች ቆመው ሲጠብቋት የምትገባበት ጠፋት። «አባ፣ እሺ ካልኩ እኮ» አለች፣ «እሺ ካልኩ፣ እንደሚሞቱ አመንኩ ማለት ነው።»

«እሱ አምኗል፣ ልጄ» አሉ ቄስ የሻው ቀስ ብለው። «እስካሁን ግን ብቻውን ነው ያመነው።»

ባንቺዓለም ማድቤት ገብታ አንድ ነገር አንኳኳች፤ ምንም የምትሠራው አልነበራትም።

«አብሽሪ» አሉ ጋሽ አሊ፣ ድምፃቸው ለዝቦ።

ፋና ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «እሺ እላለሁ። ግን እኔም መልእክት አለኝ፤ ይዛችሁልኝ ሂዱ። ጾሙን ይተዉ። ወተት ይጠጡ፣ እንቁላል ይቅመሱ። አጥንታቸው ብቻ ቀርቶ ሁዳዴ እየጾሙ ነው። ያንን እሺ ካሉ ስሜ ፊት ይጻፍ። እምቢ ካሉ እኔም እምቢ ነኝ።»

«እኔ እኮ ጾሙ ሳይገባ ነው የፈቀድኩለት!» አሉ ቄስ የሻው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጣ መጣባቸው። «‹ዕድሜዬን ሙሉ ለበሽተኛ ሳዝ ኖሬ አሁን ልታዘዝ?› አለኝ። አሁንስ ያዝኩት።»

«ተስማማን?» አሉ ጋሽ አሊ።

«ተስማማን።»

ሁለቱም ተቀመጡ። ባንቺዓለም ከማድቤት ብቅ ብላ ለቄሱ ቆሎ አቀረበች፤ ጋሽ አሊን ግን ምን እንደምታደርጋቸው ቸገራት፤ ረመዳን ነው።

«ወንበሩ ይበቃኛል» አሏት። «ከጾሙ ይልቅ የቆምኩት ነው የጎዳኝ።»

በማግስቱ ፋና ላፕቶፑን ይዛ ሄደች። ጋሽ ገብረ ዮሐንስ ተነሥተው ተቀምጠው ነበር። ሚስታቸው በብርጭቆ ወተት ይዛ አጠገባቸው ቆማለች።

«ይሄ ጉቦ ነው» አሉ።

«ሽማግሌ ልከው እኮ ነው ያመጡት።»

«ለስም ነው የላክኋቸው። ወተት ይዘው ይመለሳሉ ብዬ አላሰብኩም።»

«ይጠጡ፣ ጋሼ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው መራራ መድኃኒት እንደሚወስድ ሰው ጠጡ። ብርጭቆው ባዶ እስኪሆን ፋና ላፕቶፑን አልከፈተችም። ከዚያ ስሞቹን አቀያየረች፤ አዲሱ ኢሜይል ስልካቸው ላይ ገባ። መነጽራቸውን አድርገው የስሞቹን ቅደም ተከተል ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ «እስማማለሁ» የሚለውንም ተጫኑ። ኔትወርኩ ደከም ብሎ ስለነበር ሁለቱም የምትሽከረከረዋን ነገር ሲያዩ ቆዩ።

«ሄደ?»

«ሄደ።»

«እንግዲህ» አሉና ወደ ትራሳቸው ተመለሱ፣ «ስሕተት ቢገኝበት የሚሰደበው የመጀመሪያው ጸሐፊ ነው።»

«ለዚህ ኖሯል ለካ ሽማግሌ የላኩት!»

ሚስታቸው ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ፤ ያን ቀን ሳቁ ወደ ሳል አልዞረም። ፋና ጨለማ ሳይዛት አብራቸው ቆየች፤ ስለ ጽሑፉ ሌላ አላወሩም። ስለ ጋሽ አሊ የአነዳድ ነገር ነበር ያወሩት፣ ስለ ሙጃ መንገድና አንድ ጊዜ አምቡላንሱ ተበላሽቶባቸው ሦስቱም የጓሮ ባቄላ እሸት ብቻ በልተው ስለዋሉበት ቀን።

ጋሽ ገብረ ዮሐንስ ከፋሲካ በኋላ፣ በሚያዝያ ሃያ፣ ቤታቸው ዐረፉ። ገምጋሚዎቹ ሁለት ጊዜ እርማት ጠየቁ፤ ፋና ሁለቱንም ጊዜ መለሰች። ጽሑፉ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ታተመ። የጋሽ ገብረ ዮሐንስ ስም ሁለተኛው ሲሆን፣ ከጎኑ ሳይታተም ማረፋቸውን የምታመለክት ትንሽ ምልክት አለች።