ፍሬም የሚበላው ጠርዝ

ጄኒቫልዶ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በካሪሪ አውራጃ አቧራማ መንገዶች አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ መሪ እንጂ መጋዝ ጨብጦ አያውቅም። እንጨት ሥራ ውስጥ የገባው በእልህ ነው። እልህ ያስያዘው ደግሞ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ዳማሲዮ ነው።

ጄኒቫልዶ በልጅነቱ የተነሣው ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያ ቁርባኑን የተቀበለ ዕለት የተነሣው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሻማ ይዞ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ቆሟል። በስተቀኝ፣ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ፣ ግማሽ ሴት ትታያለች፤ አንድ ዓይን፣ አንድ ትከሻና ልጁን በብብቱ ሥር የደገፈች አንድ እጅ። እኚህ ሴት እትዬ ኦታሲሊያ ናቸው። እናቱ በወሊድ ስትሞት ከጎረቤት መጥተው ሕፃኑን ታቅፈው የሄዱት እሳቸው ናቸው። ባል አላገቡ፣ ልጅ አልወለዱ፤ የሰው ልብስ እያጠቡ አሳደጉት። የቁርባኑ ዕለት ትኩሳት ይዞት ሊወድቅ ሲል ደረሱለትና ሳያስቡት ፎቶው ውስጥ ገቡ። ከዚያ ሌላ ፎቶ ተነሥተው አያውቁም።

ጄኒቫልዶና ሚስቱ ኤዲሌውዛ በየዓመቱ በጋብቻቸው ቀን፣ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ፣ ሳሎን ውስጥ በተሰቀለው የኢየሱስ ቅዱስ ልብ ሥዕል ፊት ጎረቤት ጠርተው ያስጸልያሉ። የቤቱ ሰዎች ከፊት ይንበረከካሉ፣ እንግዳው ከኋላ። እትዬ ኦታሲሊያ ግን ሁሌም በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጡት። «እኔ ጎረቤት ነኝ» ይላሉ፤ ክርክር የለም። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ጄኒቫልዶን የሚያንገበግበው ይኸው ነበር፤ ሴትዮዋ በቤቱ እንግዳ እንደሆኑ ሊሞቱ ነው። በቃል እንዳይነግራቸው አንደበቱ ለእንዲህ ያለ ነገር ይተሳሰራል። ስለዚህ ፎቶውን በትልቁ አሳጥቦ ዘንድሮ ከሥዕሉ ጎን ሊሰቅለው ቆረጠ።

ዳማሲዮ ፎቶውን በትልቁ አጠበና ፍሬም ሲለካለት «ጠርዝ ላይ ያለችውን ሴትዮ ፍሬሙ ይበላታል» አለ። «ባይበላትም እኔ እቆርጣታለሁ። ፎቶው ጥርት ይልልሃል።»

«እሷን ከቆረጥክ እኔን ማን ይዞኝ ቆመ?»

«ማን ያስተውለዋል ብለህ ነው፣ ወዳጄ!»

ጄኒቫልዶ ፎቶውን ነጥቆ ወጣ። በመንገዱ ላይ ጣውላ፣ ኮላና መጋዝ ገዝቶ ቤቱ ገባ።

ኤዲሌውዛ ስታየው ሳቀች። «አንተ ሰውዬ፣ የኩሽናው በር ስንት ዓመት ሲንጋደድ ዝም ያልከው አሁን አናጢ ሆንክ?»

«ፍሬም ምን ሥራ አለው? አራት እንጨት ነው።»

አራት እንጨት መሆኑስ እውነት ነው። ችግሩ አራቱ እንዲስማሙ ማድረጉ ላይ ነው። ጫፎቻቸውን ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ እንዳለበት ያውቃል፤ ግን ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ሰያፍ አድርጎ ቆረጣቸው። ሲያጋጥማቸው አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ሆነ።

«ይሄ ፍሬም ነው ወይስ አልጋ ተሰብሮ ነው?» አለች ኤዲሌውዛ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እሱም ሰጋቱራውን ጠርጎ እንደገና ጀመረ። የሁለተኛው ፍሬም ማዕዘኖች ገጠሙ። ኮላው እስኪደርቅ ድረስ እንደ አራስ ልጅ ሲጠብቀው ዋለ። ሲደርቅ ፎቶውን ከኋላ ቢያስገባው በፊት በኩል ሾልኮ እግሩ ሥር ወደቀ። ለካስ ፎቶውን ከፊት የሚይዝ ከንፈር፣ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ጠርዝ ያስፈልገው ኖሯል! ኤዲሌውዛ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እሱም ተናዶ ተናዶ አብሯት ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ግን ማላገጧን ትታ እንጨቱን ትይዝለት ጀመር።

ጸሎቱ ነገ ሊሆን ሦስተኛው ፍሬም አለቀ። ያ መሹለክ አስደንግጦት ስለነበር ከንፈሩን አሰፋው፤ ፎቶው እንኳን ሊወድቅ አልተነቃነቀም። አዙሮ በፊት በኩል ሲያየው ግን ልጁ ብቻውን ቆሟል። ሴትየዋ የለችም። እንጨቱ ዓይኗንም ትከሻዋንም ውጧታል።

ጄኒቫልዶ በርጩማው ላይ ዘጭ አለ። «ዳማሲዮን ሰድቤ ዳማሲዮ ሆንኩ» አለ፤ እንባው መጣ።

ኤዲሌውዛ አጠገቡ ተቀመጠች። «ሌላ ጣውላ የለም?»

«የለም። ሱቁም ተዘግቷል።»

«እሷ ያለችበትን ጎን ብቻ ብትፍቀውስ?»

«ከተሰነጠቀ አለቀልን።»

«ካልፈቅከውስ አላለቀልንም?»

ኤዲሌውዛ መሮ ከጎረቤት ተዋሰች፤ እሷ ፍሬሙን ጥብቅ አድርጋ ያዘች፣ እሱ የቀኙን ጎን በስሱ በስሱ ላገ። አንድ ቦታ እንጨቱ ሲጥ አለ። ደግነቱ አልተሰነጠቀም። በመጨረሻ የዚያ ጎን ከንፈር ከምንም የማይቆጠር ክር ሆነ፤ ፎቶውን ከጀርባ በካርቶንና በጥቃቅን ምስማር አስያዙት። ሴትየዋ ተመለሰች። ፍሬሙ ግን ሦስት ጎኑ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ መልከ ጥፉ ሆኖ ቀረ።

በማግሥቱ ጎረቤቱ ሞላ። የካሳቫ ኬኩ ተቆረጠ፣ የአናናስ ብርዙ ተቀዳ፣ ዓይን ሁሉ ግድግዳው ላይ አረፈ።

«ጄኒቫልዶ፣ ይቺን ጎን አይጥ ቀመሳት እንዴ?» አለ አንዱ።

«ሾፌር አናጢ ሲሆን እንዲህ ነው» አለ ሌላው፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ጄኒቫልዶ ግን ዓይኑ ከበሩ አልተነቀለም።

እትዬ ኦታሲሊያ በትራቸውን ተደግፈው ገቡ። እጃቸውን ይዞ ግድግዳው ድረስ ወሰዳቸው። ማየቱ ሲያቅታቸው ጣታቸውን በፍሬሙ ዙሪያ አስኬዱ፤ ላይኛውን፣ ግራውን፣ ታችኛውን። ቀኙ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እዚህ ጋ ለምን ቀጠነ?»

«ፊትሽ እዚያ ጋ ነው፣ እትዬ ኦታ። እንጨቱ ሊውጥሽ ነበር።»

ጣታቸው ከዚያች ቦታ አልተነሣም። «ያ የቁርባንህ ፎቶ ነው?»

«ነው።»

«ልጄ...» አሉ። «ያበላሸሁብህ ይመስለኝ ነበር። ያለህ አንድ ፎቶ፣ እሱንም መሐሉ ገብቼ። በዚያን ጊዜ ፎቶ አንሺውን ቆርጠህ አውጣኝ ብዬ ለምኜው እምቢ አለኝ። ሰው ፎቶውን በጠየቀኝ ቁጥር ራሴን በአውራ ጣቴ ከልዬ ነበር የማሳየው።»

«አይጥ ቀመሳት» ያለው ሰውዬ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አላበላሸሽም» አለ ጄኒቫልዶ። ያ የሚተሳሰር አንደበቱ ተፈታ። «እኔ እንደሆንኩ ፎቶውን የማየው አንቺን ለማየት ነው። አሳድገሽኛል። ተርበሽ አብልተሽኛል። እግዜር ይስጥሽ ብዬሽ አላውቅም፤ ይኸው ሰው ሁሉ እየሰማ እግዜር ይስጥሽ።»

እትዬ ኦታሲሊያ ፊታቸውን በመሐረባቸው ጠረጉና እጁን ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ኤዲሌውዛ ወንበር አመጣችላቸው፤ እሳቸው ግን እንደ ልማዳቸው በሩ አጠገብ እንዲቀመጥላቸው አመለከቱ፤ ሄደውም ተቀመጡ። ጄኒቫልዶ ልቡ ወረደ፤ ግን አልተከራከረም።

ጸሎት መሪዋ ሻማውን ለኮሰችና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«የቤቱ ሰዎች ወደ ፊት!»

እትዬ ኦታሲሊያ ከሁሉም ቀድመው ተነሡ።